ሐይቅ ዳር፣ ድንኳንና ፈረስ፦ ወላጆች ሆይ፣ ፎርሙን ፈርሙ



በረዶው ቀልጧል፣ ከባዱ ጃኬት ወደ ቁም ሳጥን ተመልሷል። ልጆቻችንም ትምህርት የሚዘጋበትን ቀን በጣታቸው መቁጠር ጀምረዋል። እኛም ከፊደል ገበታ ያለፉትን ልጆች አንድ ቅዳሜ ቁጭ አድርገን «ትምህርት ሲዘጋ ምን ማድረግ ትፈልጋላችሁ? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አልናቸው። አብዛኞቹ የጻፉት የምትገምቱትን ነው፤ መተኛት፣ ጌም፣ አዲስ አበባ መሄድ፣ አያትን ማየት። አንዱ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ሐይቅ አጠገብ ካምፕ ማድረግ እፈልጋለሁ። ፈርስ መጋለብ እፈልጋለሁ። ግን አባዬ አይሆንም ብሏል።»

«ፈርስ» የሚለውን ስናነብ መምህራኑ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ልጆች፣ ፈረስና ፈርስ አንድ አይደሉም። ፈረስ የሚጋለበው ነው። ፈርስ ደግሞ በግ ሲታረድ ከሆድ ዕቃው ውስጥ የሚወጣው ነው። ማንም አይጋልበውም! አንዲት ፊደል ስታጥር ሰውየው ከኮርቻ ላይ ወርዶ የት እንደሚገኝ አያችሁ?

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ግን አላሳቀንም። አባትየው ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ነገሩን በጨዋታ መልክ አነሳንለት። እሱም ፈገግ ብሎ ጀመረና ሳይፈግግ ጨረሰ። «ኧረ ይተዉኝ መምህር! እኔ ከካምፕ ለመውጣት አራት ዓመት ነው የፈጀብኝ። አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ልጄን ካምፕ ልላክ?»

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፤ አባትየው የተናገረው እውነት ነው፣ ልጁም የጠየቀው ተገቢ ነው፣ መፈረም ያለበት ፎርም ግን መፈረም አለበት። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ለልጆቹ፣ ቀጥሎ ለወላጆች ላስረዳ።

ልጆች፣ መጀመሪያ እናንተ ስሙኝ

እናንተ «ካምፕ» ስትሉ የሚታያችሁ እሳት፣ ማርሽማሎ፣ ታንኳና ሳቅ ነው። ከወላጆቻችሁ ብዙዎቹ ግን ያንኑ ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው ሌላ ነገር ነው። በደርግ ዘመን በእግራቸው ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡ አሉ፤ በገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ወደ ኬንያ የተሻገሩ አሉ፤ መጀመሪያ ዋልዳ፣ በኋላም ካኩማ በሚባሉት መጠለያዎች ዓመታት የቆዩ። እነዚህ ሁሉ በእነሱ አነጋገር «ካምፕ» ናቸው። እዚያ ድንኳን ለመዝናኛ አይተከልም። ውሃ በሰልፍ ነው፣ ዱቄት በራሽን ነው፣ ስም እስኪጠራ መጠበቅ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ ቡና እየጠጡ የሚስቁት ሰዎች ውስጥ ይህን ያላለፈ ቢኖር እንኳ ያለፈ ወንድም ወይም እህት የሌለው ጥቂት ነው።

ስለዚህ አባታችሁ «ካምፕ አይሆንም» ሲል ጨካኝ ሆኖ፣ ወይም «ኦልድ ፋሽን» ሆኖ አይምሰላችሁ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ እቤታችሁ ገብቷል፤ ነገሩ እሱ ነው። ከመነጫነጫችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «አባዬ፣ እማዬ፣ እናንተ የነበራችሁበት ካምፕ እንዴት ያለ ነበር?» በሉ። በአማርኛ ጠይቁ። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁ። ዛሬ ካልነገሯችሁ ሌላ ቀን ይነግሯችኋል። ያን ታሪክ ሳይሰሙ ማደግ የጠፋ የካምፕ ጉዞ ከሚያስቆጨው በላይ ያስቆጫል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወላጆች

ያሳለፋችሁትን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ልጆቻችን የወረሱት ፍርሃቱን ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ወጥተው ሲያድሩ፣ የእኛ ልጆች ፎርማቸው ሳይፈረም ቀርቶ ለሦስት ቀን በሌላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚቆዩበት ጊዜ አለ። ጓደኞቻቸው ሲመለሱ የሚያወሩት ሌላ፣ የሚስቁበት ቀልድ ሌላ ይሆናል። ልጁ ምንም አይልም። ዝም ይላል። ያ ዝምታ ግን እየቆየ «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናደርግም፤ እኛ የዚህ አገር ሰው አይደለንም» ወደሚል ሐሳብ ይቀየራል። እኛ ደግሞ ይህን ያህል ባሕር ተሻግረን የመጣነው ልጆቻችን በገዛ አገራቸው እንግዳ እንዲሆኑ አይደለም።

ደግሞስ ድንኳንና ፈረስ የፈረንጅ ነገር ነው ያለው ማነው? እስቲ አብረን እናስብ።

አዲስ አበባ እንዴት ተመሠረተች? በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦ ብርድ ሲጠናባቸው እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው፣ ምንጩ አጠገብ ድንኳን ተተክሎ ሰፈሩ። ቦታው ደስ አላቸው፣ ቤት አሠሩበት፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ዋና ከተማችን የተጀመረችው ውሃ ዳር በተተከለ ድንኳን ነው ማለት አይደለም? መኳንንቱም በየተሰጣቸው መሬት ላይ ከነጭፍራቸው፣ ከነፈረሳቸውና ከነበቅሏቸው ሰፈሩ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ድረስ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ጓዙን አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «የእናንተ ሰፈር የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሳያውቀው ስለ ካምፕ እየጠየቃችሁ ነው።

ማዕረጎቻችንንም ተመልከቱ። ፊታውራሪ ከፊት ሆኖ የሚመራው ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ያዝዛል። ደጃዝማች የንጉሡ ድንኳን ደጅ አዛዥ ነው። ባልደራስ የፈረሶቹ ኃላፊ ነው። ልጆቻችን እነዚህን ስሞች በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ባዶ ጌጥ ያነቧቸዋል። አንድ ጊዜ ድንኳን ተክለው፣ ማን ከፊት ማን በቀኝ እንደሚሰፍር ቢያዩ ግን አይረሱትም።

ፈረሱማ ይቅርና! የኢትዮጵያ ጀግና ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ የክርስትና ወይም የቤት ስሙ፣ ሌላው የፈረስ ስሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ዐድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ዓለም የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ሰውና ፈረስ በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ልጆች፣ ፈረስን በቴሌቪዥን ብቻ አውቀው ሲያድጉ አያሳዝንም?

ይህ ደግሞ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአዊ፣ በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ያከብራሉ። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ፈረሶቹ በግላስ አጊጠው፣ ጋማቸው ተበጥሮ ሜዳውን ሲሞሉት ማየት ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ዘንገና ሐይቅ አለ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን አዘጋጅተው እንግዳውን ከገደሉ አፋፍ ወደ ውሃው ዳር ያወርዱታል፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ይሻገራል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ከሸለማቸው መንደሮች አንዱ ነው። ፈረንጁ ከሩቅ ገንዘብ ከፍሎ እዚያ ይሄዳል። ታዲያ የእኛ ልጅ ሐይቅና ፈረስ አማረኝ ሲል ከየት አመጣው እንላለን? ደሙ ነዋ!

የቅዳሜ አማርኛና የድንኳን አማርኛ

አሁን ደግሞ በትምህርት ቤታችን በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ልጆቻችን የሚያውቁት አማርኛ በአብዛኛው የትእዛዝ አማርኛ ነው። «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ስልኩን አስቀምጥ፣ ዝም በል።» ይህን ሁሉ በደንብ ይረዳሉ፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ለምን? ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ነው። ሁሉም ነገር በቁልፍ ይከፈታል፣ በቁልፍ ይዘጋል። በቅዳሜዋ ሁለት ሰዓት ደግሞ እኛ መምህራን ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ቃል ከክፍሉ ሳይወጣ ይረሳል።

ድንኳን ሲተከል ግን ነገር ይለወጣል። ካስማ ይቸከላል፣ ገመድ ይወጠራል፣ ይላላል፣ ይቋጠራል፣ ይፈታል። እንጨት ይሰበሰባል፣ ይፈለጣል፣ እሳት ይቀጣጠላል፣ ይዳፈናል። ውሃ ይቀዳል። በማግሥቱ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል። አንድ ልጅ «ያዝ! ወጥር! አላላው!» ሲባል እጁ ቃሉን ይማራል። እጅ የተማረውን ደግሞ አፍ ቶሎ አይረሳም።

ፈረስማ ራሱን የቻለ መዝገበ ቃላት ነው። ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ ጋማ፣ ኮቴ። ባዝራ እናቲቱ ናት፣ ድንጉላ ወንዱ ነው። ሶምሶማ አለ፣ ግልቢያ አለ። ልጆቻችን «ቡናማ ፈረስ» ይላሉ፤ ፈረስ ግን በአማርኛ ዳማ ይባላል። ነጩ አምባላይ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቦራ ነው። ጥቁሩ ጉራች ነው፤ ይህችኛዋን ቃል ከኦሮምኛ ነው የወሰድናት፤ ፈረስን አብረን ጋልበናልና ቃሉንም አብረን እንጠራዋለን።

ወላጆችም ብዙዎቻችሁ እነዚህን ቃላት ከእኛ ከመምህራኑ የበለጠ ታውቃላችሁ። ገጠር ያደገ አባት፣ ለገበያ በበቅሎ የሄደች አክስት በየቤቱ አሉ። ያ ሁሉ እውቀት ግን እዚህ ፎቅ ላይ፣ በሊፍትና በሰብዌይ መካከል የሚነገርበት አጋጣሚ አጥቷል። ልጅ ወላጁን በእንግሊዝኛ ስልክ ሲያስደውል፣ ደብዳቤ ሲያስነብብ ብቻ እያየ ካደገ፣ «አባቴ ብዙ ነገር አያውቅም» ብሎ ያስባል። አባቱ ፈረስ ፊት ቆሞ እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ዳበስ ሲያደርገው ያየ ልጅ ግን ሌላ አባት ያያል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይኸኛው ነው።

«ግን እኮ...» ለምትሉ

የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰምቻለሁ። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

*ውሃው።* ይህ ፍርሃት ትክክል ነው። የኦንታሪዮ ሐይቅ ስፋቱ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና 3,000 ገደማ ነው። እንግዲህ ከጣና ስድስት እጥፍ ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ሰኔ ላይ እንኳ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ልጁን ከውሃ ማራቅ አይደለም፤ ዋና ማስተማርና ሕይወት አድን ጃኬት ማልበስ ነው። ዋና የማይችል ልጅ የሚያድገው ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ውስጥ መሆኑን አንርሳ። ወላጅም ካልቻለ አብሮ ይማር፤ ነውር የለውም።

*ድቡ።* ሐይቁ ዳር፣ ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ ባሉት እንደ ዳርሊንግተን ባሉ ፓርኮች ስለ ድብ የሚያስጨንቅ ነገር ብዙም የለም። ወደ ሰሜን፣ ወደ አልጎንኩዊን ከሄዳችሁ ግን አለ። ሕጉም ቀላል ነው፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ከድቡ ይልቅ እኔ የምፈራው መዥገርን ነው። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ ከላይ፣ ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን እግርና አንገት መፈተሽ። ይህን ደግሞ ከብት ያረባ ቤተሰብ ልጅ ማን ያስተምረዋል?

*ምግቡ።* «ልጄ ምን እንደሚያበሉት አላውቅም፣ ጾም ነው፣ ሐላል ነው» ትላላችሁ። ከቤተሰብ ጋር ከሄደ ግን የሚበላው የእናንተን ነው። ደግሞ ለመንገድ የሚሆን ምግብ ማን እንደኛ ያውቃል? ስንቅ የሚለው ቃል የኛ አይደለም እንዴ? በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ፣ የማይበላሽ፣ ቀላል። ሽሮ ደግሞ በእሳት ላይ ሲንተከተክ ከጋዝ ምድጃው ይበልጣል። ማገዶውን ግን ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፤ በእንጨት ውስጥ የሚደበቅ ተባይ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ስለሚዛመት እዚያው መግዛት ነው።

*ፈረሱ።* እዚህ ላይ ለልጆቹ እውነቱን ልንገራቸው። በኦንታሪዮ ፓርኮች ፈረስ ይዞ መግባት የሚቻለው ለዚሁ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ አጠገብ ፈረስ ማሰር የሚቻል አይመስለኝም። የሚቻለው ሐይቁ ዳር ሰፍሮ፣ አንዱን ቀን ለሕዝብ ክፍት የሆነ የፈረስ ግልቢያ ቦታ መሄድ ነው። ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው የግልቢያ ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ባለ ቦታ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ሄልሜትና ያለ ተገቢ ጫማ ፈረስ ላይ አይወጣም። ይህ መልካም ሕግ ነው። ልጆች፣ እናንተም ሕግ አላችሁ፤ ከፈረስ ኋላ አትቁሙ፣ ከጎን በትከሻው በኩል ቅረቡ፣ አትጩኹ፣ ሳር ስትሰጡት መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ስጡ።

*ገንዘቡ።* ግልቢያ ርካሽ አይደለም፤ ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ ከባድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያለ ብዙ ወጪ ፈረስ ማየት ይቻላል። በከተማው መሐል ሪቨርዴል እርሻ መግባት በነጻ ነው። የቶሮንቶ ፖሊስም ፈረሰኞች አሉት፤ ክፍሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ጣይቱ ፍል ውሃ ዳር ድንኳን ባስተከሉበት ዓመት መሆኑ ነው! ድንኳንም ቢሆን የግድ መግዛት የለባችሁም፤ መዋዋስ ይቻላል። ፓርክስ ካናዳና የኦንታሪዮ ፓርኮችም ድንኳን ተክሎ ለማያውቅ ቤተሰብ ካምፕ የሚያስተምሩባቸውን ፕሮግራሞች ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። ቦታውና ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በጊዜ ጠይቁ። የኦንታሪዮ ፓርኮች ቦታ እስከ 5 ወር ቀደም ብሎ ስለሚያዝ ሐምሌ ሲደርስ «ቦታ የለም» እንዳትባሉ።

*ሥራው።* ቅዳሜና እሑድ ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቤተሰብ ለቤተሰብ መተጋገዝ ያለብን። የአንዱን ልጆች ሌላው ይዞ ይሂድ። አገር ቤት እኮ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ልጃችን ነበር።

የአራቱ ባዝራዎች ታሪክ

ልጆች፣ ከመሰናበቴ በፊት አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውታችሁ።

በዚሁ በኦንታሪዮ፣ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ላክ ላ ክሯ የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያ የሚኖሩት የኦጂብዌ ሕዝቦች የራሳቸው ዝርያ የሆኑ ትንንሽ ፈረሶች ነበሯቸው። ክረምት ክረምት እንጨት ይጎትቱላቸዋል፣ በጋ በጋ በነጻ ጫካ ውስጥ ይለቀቃሉ። ዘመናዊው መኪና ሲመጣ ፈረሶቹ ተረሱ። እየሞቱ፣ እየተገደሉ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀሩት አራት ባዝራዎች ብቻ ነበሩ። አራት! እነሱም ሊገደሉ ታስቦ ነበር። ያን ጊዜ ጥቂት ሰዎች መጥተው በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ አሻግረው ወደ ሚኒሶታ ወሰዷቸው። እዚያ ተንከባክበው አራቧቸው። ዝርያው ዛሬም ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ወደ ኦንታሪዮም ተመልሷል።

ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ ክፍላችን ነው። እዚህ አገር ተወልዶ አማርኛ የሚናገር ልጅ ቁጥሩ ብዙ አይደለም። የልጁ ልጅ ደግሞ? ቋንቋም ሥራ ሲያጣ እንደነዚያ ፈረሶች ይረሳል። ማንም ጠልቶት አይደለም፤ የሚጎትተው እንጨት ስለጠፋ ነው። እኛ ደግሞ ሥራ ልንሰጠው እንችላለን። ድንኳን ይትከል፣ እሳት ያንድድ፣ ፈረስ ይጥራ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ በጋ የትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች ተሰባስበን ለሁለት ሌሊት አንድ ሐይቅ ዳር እንስፈር። ልጆቹን ብቻ አንላክ፤ አብረን እንሂድ። እሳት ዳር ሲኮን አማርኛ ብቻ ይነገር። በእያንዳንዱ ማታ አንድ ወላጅ አንድ ታሪክ ይንገር፤ የፈለገ ተረት፣ የፈለገ የእውነት። ልጆቹ ደግሞ በፈንታቸው ለወላጆቻቸው ድንኳን መትከልና ውሃ ላይ መንሳፈፍ ያሳዩ። ሁለቱም ወገን አስተማሪ፣ ሁለቱም ወገን ተማሪ ይሁን።

ድንኳን ውስጥ ማደር የማይችል ወላጅ ካለ ማንም አያስገድደውም፤ ለምን ብሎም አይጠይቀው። ቀን መጥቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ማታ ቤቱ ይመለስ። ልጁን ግን ይተውልን። አንዳንድ ቁስል በጊዜው ይሽራል፣ አንዳንዱም አይሽርም። ልጁ ግን ያ ቁስል የለበትም። ለእሱ ድንኳን ከቤት የተሰደደበት ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር የሳቀበት ቦታ ይሁንለት። ለስደት የተተከለው ድንኳን በልጅ ሳቅ ቢተካ ሽንፈት አይደለም።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። እኛ የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህራንም እንደ ፈረሱ ነን። ልጆቻችሁን እስከ ፊደሉ፣ እስከ ቃሉ፣ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ እናደርሳለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው። እስክሪብቶውን አንሱና ፎርሙን ፈርሙ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተማሪዎች ሁለት የቤት ሥራ አላችሁ። አንደኛ፣ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንድ የፈረስ ወይም የበቅሎ ታሪክ ጠይቃችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሁለተኛ፣ ለራሳችሁ «አባ...» ወይም «እመ...» ብላችሁ የፈረስ ስም አውጡና ለምን እንደመረጣችሁት አስረዱ። አደራ፣ ስትጽፉ «ፈረስ» ይሁን! «ፈርስ» ብሎ የጻፈ ኮርቻውን ራሱ ያጥባል።

ቸር ይግጠመን።